ማን ደርሶ ለካው?

ባለፈው ትምህርታችን ስለ ሥነ ፍጥረት ስንማማር ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት በዕለተ ረቡዕ እንደ ተፈጠሩ አይተን ነበር። ዛሬ ደግሞ እነዚሁ ብርሃናት ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ርቀታቸውም እንዴት እንደ ታወቀ እንማራለን።

በመጽሐፍ ላይ ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች የሚል አንብባችሁ ይሆናል። ይህ ሲነበብ ከመካከላችሁ አንዱ «ማን ደርሶ ለካው?» ቢል አትሣቁበት። ጥያቄው መልካም ጥያቄ ነው። ቍጥሩን ብቻ ሸምድዶ ከሚናገር ልጅ ይልቅ ይህን የሚጠይቅ ልጅ ወደ ዕውቀት ይቀርባል። በእውነትም ወደ ፀሐይ ገመድ የዘረጋ ሰው የለም። ታዲያ በምን ታወቀ? መልሱን ከራሳችን እጅ እንጀምር።

1. በአውራ ጣት መለካት

እስቲ ክንዳችሁን ወደ ፊት ዘርጉና አውራ ጣታችሁን አቁሙ። ግራ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በቀኝ ዐይናችሁ ብቻ ጣታችሁን ተመልከቱ። ጣታችሁ በሩቅ ካለው ግድግዳ ወይም ዛፍ የትኛው ላይ እንዳረፈ ልብ በሉ። አሁን ጣታችሁን ሳታንቀሳቅሱ ቀኝ ዐይናችሁን ጨፍኑና ግራውን ክፈቱ። ምን አያችሁ? ጣታችሁ ወደ ጎን የዘለለ ይመስላል። ጣቱ ግን አልተንቀሳቀሰም። የተለወጠው የምታዩበት ቦታ ነው።

ቀጥላችሁ ጣታችሁን ወደ አፍንጫችሁ አቅርቡና እንደ ገና ሞክሩ። አሁን ዝላዩ በጣም ይበልጣል። እንግዲህ ሕጉን አገኘነው፦ የቀረበ ነገር ብዙ ይዘላል፤ የራቀ ነገር ጥቂት ይዘላል። ስለዚህ የዝላዩን መጠን የለካ ሰው ቦታው ድረስ ሳይሄድ ርቀቱን ማወቅ ይችላል። ሊቃውንት ይህን ዝላይ ፓራላክስ ብለው ይጠሩታል።

ይህን ዛሬውኑ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። የተዘረጋ ክንዳችን ርዝመት በሁለቱ ዐይኖቻችን መካከል ካለው ርቀት 10 እጥፍ ያህል ነው። እንግዲህ ከሜዳው ማዶ እኩል የሚርቁ ሁለት ዛፎች አሉ እንበል። አውራ ጣታችሁ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሁለተኛው ከዘለለና በዛፎቹ መካከል 4 ሜትር ካለ፣ 4 ሜትሩን በ10 አባዙት። ዛፎቹ ከእናንተ 40 ሜትር ያህል ይርቃሉ ማለት ነው። ኋላ በእርምጃ ለክታችሁ አረጋግጡ።

ነገር ግን ሁለቱ ዐይኖቻችን የሚራራቁት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ እጅግ በራቀ ነገር ላይ ዝላዩ አይታየንም። ጨረቃን በአንድ ዐይን ብናይ በሌላውም ብናይ ያው ነው። እንግዲህ ሩቁን ለመለካት ዐይኖቻችንን ማራራቅ ያስፈልጋል። ይህም የሚሆነው ሁለት ሰዎች በተራራቁ ሁለት ቦታዎች ቆመው አንዱን ነገር ሲመለከቱ ነው። ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ የምድርን መጠን ማወቅ ይገባል።

2. ምድርን በጥላ መለካት

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ዓመት ገደማ በእስክንድርያ ከተማ ኤራቶስቴንስ የሚባል ሊቅ ነበር። የታላቁ የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኀላፊም ነበር። ከእስክንድርያ በስተ ደቡብ፣ በዓባይ ወንዝ ዳር፣ ሴዌኔ የምትባል ከተማ ነበረች። ይህች ከተማ ዛሬ አስዋን ትባላለች። ከአገራችን ተነሥቶ የሚወርደው ውኃ በአጠገቧ ያልፋል። በሴዌኔ በዓመት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በአናት ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም የቆመ እንጨት ጥላ እንደማይጥል ኤራቶስቴንስ ያውቅ ነበር። በዚያው ቀንና ሰዓት ግን በእስክንድርያ የቆመ እንጨት ጥላ ይጥላል።

የፀሐይ ጨረር ወደ ሁለቱም ከተሞች እኩል ቀጥ ብሎ ይመጣል። ታዲያ አንዱ እንጨት ጥላ ሲጥል ሌላው ያልጣለው ለምንድን ነው? ምድር ክብ ስለሆነች ሁለቱ እንጨቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ስላልቆሙ ነው። ኤራቶስቴንስ በእስክንድርያ የጥላውን ማዕዘን ቢለካ ከሙሉ ክብ 50ኛ እጅ ሆኖ አገኘው። አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ከመካከሉ ጀምሮ ለ50 ሰው እኩል ቢቈረስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ የአንዱ ቍራሽ ጠርዝ ነው ማለት ነው። እንግዲህ የአንዱን ቍራሽ ጠርዝ በ50 ቢያባዙት የዳቦው ዙሪያ ይገኛል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከደቡብ ወደ ሰሜን ያለው ርቀት በእኛ መለኪያ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ነው። 800 በ50 ሲባዛ 40 ሺህ ይሆናል። የምድር ዙሪያም 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

አያችሁ ልጆች? ይህ ሊቅ ምድርን አልዞራትም። አንድ እንጨት፣ አንድ ጥላና የታወቀ ርቀት በቅተውታል።

3. ጨረቃና ፀሐይ

የምድር መጠን ከታወቀ ዘንድ ዐይኖቻችንን ማራራቅ እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1751 ሁለት ፈረንሳውያን ጨረቃን ከሁለት ቦታ ሆነው ተመለከቱ። ላካይ የተባለው በደቡብ አፍሪቃ ጫፍ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ነበረ። ላላንድ የተባለው ደግሞ በጀርመን አገር በበርሊን ከተማ ነበረ። ላላንድ በዚያን ጊዜ ገና የ19 ዓመት ወጣት ነበር። ከኋላዋ ካሉት ከዋክብት አንጻር ጨረቃ ለሁለቱ በአንድ ቦታ አልታየቻቸውም። በሁለቱ መካከል የነበረው ዝላይ ከራሷ ከጨረቃ ስፋት ከሁለት እጥፍ ይበልጣል። ከዚህም ርቀቷን በጥሩ ሁኔታ ለማስላት ተቻለ።

ዛሬ የጨረቃ ርቀት በአማካይ 384 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር መሆኑ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1969 አፖሎ 11 በተባለችው መንኰራኵር ወደ ጨረቃ የሄዱ ሰዎች በዚያ ብርሃን የሚመልስ መስታወት ትተው መጡ። ከምድር የተላከ የጨረር ብርሃን እዚያ ደርሶ ለመመለስ 2 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። በዚህ መንገድ ሲለካ ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ከእኛ እንደምትርቅ ታውቋል።

ፀሐይን በዚህ መንገድ መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ብርሃኗ ከኋላዋ ያሉትን ከዋክብት ይሰውራልና። ስለዚህ ሊቃውንት በዘዴ ዞሩባት። ፕላኔቶች ከፀሐይ አንዱ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚርቅ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የጎደለው በኪሎ ሜትር ስንት እንደሆነ ነው። መለኪያ ያልተጻፈበት ካርታ በእጅ እንደ መያዝ ቍጠሩት። በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ የአንድ መንገድ ርዝመት ብቻ ከታወቀ የሌሎቹ ሁሉ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1672 ካሲኒ በፓሪስ፣ ሪሸር ደግሞ በደቡብ አሜሪካ በካየን ሆነው የማርስን ዝላይ ለኩ። በማርስ በኩል የፀሐይ ርቀት ወደ 140 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በትክክል የሚታወቀው 149 ሚሊዮን 600 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህን ያህል ርቀት በሐሳብ እንድታዩት ምሳሌ ልስጣችሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ሌት ተቀን ሳይቆም ቢጓዝ ጨረቃ ለመድረስ 160 ቀን፣ ማለትም 5 ወር ከ10 ቀን ይፈጅበታል። ፀሐይ ለመድረስ ግን 170 ዓመት ያስፈልገዋል።

4. ምድር የጤፍ ቅንጣት ብትሆን

አሁን ደግሞ ሁሉን አሳንሰን እንየው። ምድርን 1 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት አንዲት የጤፍ ቅንጣት እንመስላት። በዚህ ልክ ጨረቃ የዱቄት ብናኝ ታህላለች፤ ከጤፏም 3 ሴንቲ ሜትር ትርቃለች። ፀሐይ 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ትርንጎ ይሆናል። ትርንጎው የሚቀመጠው ግን ከጤፏ 12 ሜትር ያህል ርቆ ነው። የመጨረሻው ፕላኔት ኔፕቱን ከትርንጎው 350 ሜትር ገደማ ይርቃል።

ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ይባላል። ትርንጎው በአዲስ አበባ ቢቀመጥ ፕሮክሲማ የት የሚቀመጥ ይመስላችኋል? በአዳማ? በጎንደር? አይደለም። ኢየሩሳሌምን አልፎ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በተወለደባት በጠርሴስ ከተማ ይሆናል። ከአዲስ አበባ እስከዚያ በቀጥታ 3 ሺህ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ያለው ሁሉ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ልብ በሉ፤ ይህ በጣም ቅርቡ ኮከብ ነው።

5. ከዋክብትን መለካት

ለከዋክብት የምድር ስፋትም ቢሆን ጠባብ ነው። ከዋክብት ከምድር ጫፍ እስከ ጫፍ ቢታዩ አይዘሉም። ታዲያ ዐይኖቻችንን ከዚህ በላይ በምን እናራርቃቸው? እዚህ ላይ ምድር ራሷ ታገለግለናለች። ምድር በዓመት አንድ ጊዜ ፀሐይን ትዞራለች። ስለዚህ አንድን ኮከብ በመስከረም አይተን እንደ ገና በመጋቢት ብናየው፣ የቆምንባቸው ሁለቱ ቦታዎች 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። መስከረም አንዱ ዐይናችን፣ መጋቢት ሁለተኛው ዐይናችን ሆነ ማለት ነው።

ይህም ሆኖ ዝላዩ እጅግ ትንሽ ነው። በጥንት ዘመን ብዙዎች ሊያዩት ስላልቻሉ ምድር አትንቀሳቀስም ብለው ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1838 ቤሰል የተባለ ጀርመናዊ 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ለክቶ ውጤቱን አሳወቀ። ያገኘው መጠን በጣም ትንሽ ነበር፤ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ሳንቲም 14 ኪሎ ሜትር ርቃ ብትቀመጥ የምትታየውን ያህል ነው።

በዚህ ርቀት ላይ ኪሎ ሜትር ለአፍም ለጽሕፈትም አይመችም። ስለዚህ በብርሃን ጉዞ ይለካል። ብርሃን በ1 ሰከንድ ወደ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህም ምድርን 7 ጊዜ ተኩል መዞር ማለት ነው። ከጨረቃ ወደ እኛ በ1.3 ሰከንድ፣ ከፀሐይ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሳል። ብርሃን በአንድ ዓመት የሚሄደው ርቀት የብርሃን ዓመት ይባላል። እርሱም 9 ትሪሊዮን 460 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ልጆች፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የብርሃን ዓመት የርቀት መለኪያ ነው እንጂ የጊዜ መለኪያ አይደለም።

ፕሮክሲማ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ቤሰል የለካው ኮከብ 11.4 የብርሃን ዓመት ይርቃል። በሌሊት ሰማይ ከከዋክብት ሁሉ አብልጦ የሚያበራው ሲርየስ ደግሞ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ስለዚህ ከመካከላችሁ 8 ዓመት ተኩል የሞላው ልጅ ዛሬ ማታ ሲርየስን ቢያይ፣ የሚያየው ብርሃን ከኮከቡ የተነሣው እርሱ በተወለደበት ሰሞን ነው።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የመጠቀችው ጋያ የተባለች ሳተላይት እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ስትመለከት ቆይታ ከ1 ቢሊዮን በላይ ከዋክብትን በዚሁ ዘዴ ለክታለች። መሣሪያው ረቀቀ እንጂ ዘዴው ያው የአውራ ጣታችሁ ዘዴ ነው።

6. የጧፉ ምሳሌ

ዝላያቸው ፈጽሞ የማይታይ እጅግ የራቁ ከዋክብትስ? ለእነዚህ ሌላ ዘዴ ተገኘ። በሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ሰዎች እኩል ውፍረት ያላቸውን ጧፎች ይዘው ቆመዋል እንበል። ከአጠገባችሁ ያለው ጧፍ ደምቆ ይታያችኋል። በበሩ በኩል ያለው ግን ደብዝዟል። ጧፎቹ እኩል መሆናቸውን ካወቃችሁ የደበዘዘው የራቀው ነው። ሁለት እጥፍ የራቀ ጧፍ 4 እጥፍ ይደበዝዛል፤ ሦስት እጥፍ የራቀም 9 እጥፍ ይደበዝዛል።

በሰማይ ግን ትልቁ ጧፍ የቱ ነው? ትንሹስ? ይህን ለመለየት መንገድ ያገኘችው ሄንሪየታ ሊቪት የተባለች አሜሪካዊት ናት። በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ የሰማይን ፎቶግራፎች በትዕግሥት ትመረምር ነበር። ሴፌይድ የተባሉ ከዋክብት ብርሃናቸው በየጊዜው ይጨምራል፤ ይቀንሳልም። እ.ኤ.አ. በ1912 ሊቪት ስለ 25 ሴፌይዶች ባወጣችው ጽሑፍ፣ ለመድመቅና ለመፍዘዝ ብዙ ቀን የሚወስድበት ኮከብ በእውነትም የበለጠ ብርሃን ያለው መሆኑን አሳየች። እንግዲህ የኮከቡን ቀናት የቈጠረ የጧፉን ውፍረት ያውቃል። ከዚያም ከደበዘዘበት መጠን ርቀቱን ያሰላል።

እኛ ያለንበት የከዋክብት ስብስብ ፍኖተ ሐሊብ ይባላል። ፍኖት በግእዝ መንገድ፣ ሐሊብ ደግሞ ወተት ማለት ነው። ጨለማ በሆነ ሌሊት እንደ ፈሰሰ ወተት በሰማይ ላይ የሚታየው እርሱ ነው። ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሉበት፤ ስፋቱም 100 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ነው። በጤፏ ምሳሌ እንኳ ብናሳንሰው 74 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህም ወደ እውነተኛዋ ፀሐይ የሚወስደው መንገድ እኩሌታ ነው። ምሳሌያችን ራሱ ከምድር ሞልቶ ፈሰሰ ማለት ነው።

ከ100 ዓመት በፊት ሊቃውንት ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ሌላ የከዋክብት ስብስብ መኖር አለመኖሩን ይከራከሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 ኤድዊን ሀብል በካሊፎርኒያ በዊልሰን ተራራ ላይ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ባለው ቴሌስኮፕ አንድሮሜዳ በተባለችው ጭጋግ መሳይ ብርሃን ውስጥ አንድ ሴፌይድ አገኘ። በአገራችንም በእንጦጦ ተራራ ላይ 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ሀብል ቀናቱን ቈጥሮ ሲያሰላ ኮከቡ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት ርቆ ተገኘ። አንድሮሜዳ ከፍኖተ ሐሊብ ውጭ ያለች ሌላ ጋላክሲ መሆኗ በዚህ ታወቀ።

7. የመሰላሉ እርከን

ይሁን እንጂ የሀብል ቍጥር ትክክል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 ዋልተር ባዴ የተባለ ሊቅ ሴፌይዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውንና ሀብል ያያቸው ዓይነቶች ከታሰበው ይልቅ ብዙ ብርሃን ያላቸው መሆናቸውን አስረዳ። ይህም ወፍራሙን ጧፍ ቀጭን ነው ብሎ እንደ መገመት ነው። ጧፉ ወፍራም ከሆነ፣ ያን ያህል ደብዝዞ የሚታየው ይበልጥ ስለ ራቀ ነው። ስለዚህ የጋላክሲዎች ርቀት ሁሉ በአንድ ጊዜ እጥፍ ያህል ሆነ። ዛሬ አንድሮሜዳ 2 ሚሊዮን 500 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል እንደምትርቅ ይታወቃል።

ልጆች፣ ከዚህ ምን እንማራለን? የሰማይ ልኬት መሰላል ነው። በጥላ የምድር መጠን ታወቀ። በምድር መጠን ጨረቃና ማርስ ተለኩ። በማርስ የፀሐይ ርቀት ታወቀ። በፀሐይ ርቀት ቅርብ ከዋክብት፣ በእነዚያም ሩቅ ከዋክብትና ጋላክሲዎች ተለኩ። የታችኛው እርከን ከተናጋ በላዩ ያለው ሁሉ ይናጋል። ስለዚህ ሊቃውንቱ የታችኛውን እርከን ደጋግመው ይመረምራሉ። ስሕተት ሲገኝም ቍጥሩን ያርማሉ። የሀብል ቍጥር መታረሙ ሥራውን አላዋረደውም፤ አንድሮሜዳ ሌላ ጋላክሲ መሆኗ እንደ ጸና ቀርቷልና።

እናንተም ትልቅ ቍጥር በሰማችሁ ጊዜ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ እንዴት እንደ ታወቀ ሳትጠይቁ አትሸምድዱት። ሁለተኛ፣ በደንብ የተለካውን ነገር ስላላየሁት ውሸት ነው አትበሉ። ደግሞም ሰውን ለማስደነቅ ብላችሁ በቍጥር ላይ ዜሮ አትጨምሩ። እውነተኛው መጠን ያለ ጭማሪ ያስደንቃል።

ምናልባት ከመካከላችሁ «ምድራችን የጤፍ ቅንጣት ከሆነች እኛማ ምን ነን?» ብሎ የሚያዝን ይኖር ይሆናል። አይዘን። ያቺን ቅንጣት ሳይለቁ፣ በእንጨትና በጥላ ጀምረው እስከ አንድሮሜዳ የለኩት በእርሷ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ትንሽ መሆንና ከንቱ መሆን አንድ አይደሉም።

መልመጃ

1. የቀረበ ነገርና የራቀ ነገር በአንድ ዐይንና በሌላው ሲታዩ ብዙ የሚዘለው የትኛው ነው? ለምን?
2. ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ለማወቅ የተጠቀመባቸውን ሦስት ነገሮች ጻፉ።
3. የብርሃን ዓመት ምን ይለካል? ጊዜን ወይስ ርቀትን?
4. ኮከብን በመስከረምና በመጋቢት ማየት የሚጠቅመው ለምንድን ነው?
5. እኩል ከሆኑ ሁለት ጧፎች አንዱ ከሌላው 4 እጥፍ ቢርቅ ስንት እጥፍ ይደበዝዛል?
6. የቤት ሥራ፦ በአውራ ጣታችሁ ከቤታችሁ ደጅ እስከ አንድ ዛፍ ወይም አጥር ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያም በእርምጃ አረጋግጡ። ሁለቱንም ቍጥሮች ጽፋችሁ አምጡ። ቢለያዩ አታስተካክሉት፤ ለምን እንደ ተለያዩ በክፍል እንነጋገርበታለን።

ማሳሰቢያ፦ ፀሐይን በዐይናችሁ ትኵር ብላችሁ እንዳትመለከቱ፤ ዐይንን ይጎዳል። ስለ ፀሐይ ለመማር የእንጨት ጥላ ይበቃችኋል።

በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።